የዓሣ ዝንብ ሳጥን ከሰኞ ገበያ ዕቃ

ሰኞ ማለዳ ደሴ ሰኞ ገበያ ወርዶ «የዓሣ ዝንብ ማስቀመጫ አላችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ባለሱቁን ከማሳቅ በቀር የሚያተርፈው የለም። ሳጥኑ የሚሠራበት ነገር ግን አንድም ሳይጎድል እዚያው ገበያ ውስጥ አለ፤ ክዳኑ ጥርቅም ብሎ የሚዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ያረጀ ነጠላ ጫማ፣ የጫማ ሠሪ ማስቲሽ፣ ምላጭ፣ መርፌ ቁልፍ፣ የአጎዛ ቁራጭ። ዘመድ ከውጭ እስኪልክ መጠበቅ አያስፈልግም።

ለማያውቀው፣ የዓሣ ዝንብ ማለት ትንሽ መንጠቆ ላይ ላባ፣ ሱፍና ክር ተጠምጥሞበት ነፍሳት እንዲመስል የተደረገ ማጥመጃ ነው። ትል አይሰካበትም። ዓሣው የሚታለለው በመልኩና በአካሄዱ ብቻ ነው። ነገሩ የቆየ ነው፤ ኤልያን የተባለ ሮማዊ ጸሐፊ የዛሬ 1,800 ዓመት ገደማ፣ የመቄዶንያ ሰዎች መንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍ ጠምጥመው ከአውራ ዶሮ አገጭ ሥር የተነቀሉ ሁለት ላባዎች እያሰሩ ዓሣ እንደሚይዙ ጽፏል። ሱፍና የአውራ ዶሮ ላባ ወሎ ውስጥ መቼም ቸግሮ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1922 አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ የተሠራውና እስከ ዛሬ ስሙ የሚጠራው «አዳምስ» የተባለ ዝንብ የሚፈልገው የቀይና የገብስማ አውራ ዶሮ የአንገት ላባ ነው። ገብስማ አውራ ዶሮ ፍለጋ ሚሺጋን መሄድ አያሻም፤ በበዓል ዋዜማ ዶሮ ተራ መቆም ይበቃል።

አገራችን ውስጥ በዝንብ ማጥመድ የታወቀው ባሌ ነው። ከኬንያ መጥተው በዌብ፣ በዳንካና በሻያ ወንዞች የተለቀቁት ትራውት የተባሉ ዓሦች ቀዝቃዛውን ውኃ ወደውት ቀርተዋል፤ ፈቃዱም የሚጠየቀው ዲንሾ ካለው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ነው። ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው ቀረብ የሚለው ውኃ ግን ሐይቅ ነው፤ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። እዚያ ዓሣ የሚሰገረው በአብዛኛው በመረብ ነው። ቢሆንም ቆሮሶ፣ ብዙዎች ቲላፒያ የሚሉት፣ ቀስ ብላ ለምትሰምጥ ትንሽ ዝንብ አፉን ይከፍታል፤ አምባዛም ሲመሽ ጠቆር ያለ ትልቅ ዝንብ ይከተላል።

ዝንብ የሚሠሩ ወይም የሚገዙ ሰዎች ዘንድ ደጋግሜ የማየው ችግር አንድ ነው። ያላቸውን ሁሉ ይዘው ይሄዳሉ። ሳጥኑ ይወፍራል፣ ላባው ይጨፈለቃል፣ አንዱ መንጠቆ ከሌላው ጋር ይቆላለፋል፤ ውኃው ዳር ሲደርሱ የሚፈልጉትን ለማግኘት የሚባክነው ጊዜ ከማጥመዱ ይበልጣል። ስለዚህ ሥራው ሁሉ በአንድ ነገር ላይ ይቆማል፤ ሁለት ሳጥን ይኑራችሁ፣ አንዱ ቤት የሚቀር፣ አንዱ ኪስ የሚገባ። የቤቱ ጎተራ ነው፤ የኪሱ የዕለት ስንቅ። ሁለቱን ያልለየ ሰው የቱንም ያህል ውድ ሳጥን ቢገዛ አይጠቅመውም።

ከሳጥኑ በፊት መለየት

ያላችሁን ዝንብ ሁሉ ነጭ ጨርቅ ወይም ወረቀት ላይ ዘርግፉ። ቀን በብርሃን ይሁን፤ ማታ በአምፖል ዝገት ከቡናማ ክር አይለይም። ልጆች ከሌሉበት ክፍል ብትሆኑ ደግ ነው፣ ላባና ቀለም ያለበት ነገር የልጅ እጅ ይጠራልና።

መጀመሪያ የዛጉትን አውጡ። ላዩ ላይ ብቻ ነጠብጣብ ያለበት መንጠቆ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ሊድን ይችላል። ዝገቱ መንጠቆው ከሚታጠፍበት ቦታ ላይ ከሆነ ግን አታቆዩት፤ የሚሰበረው እዚያው ነው፣ የሚሰበረውም ትልቁን ዓሣ በያዛችሁ ሰዓት ነው።

ቀጥሎ ጫፉን ፈትሹ። የመንጠቆውን ጫፍ በአውራ ጣታችሁ ጥፍር ላይ ቀለል አድርጋችሁ ጎትቱት። ጥፍሩን ጫር አድርጎ ከቆመ ስለት አለው። ተንሸራትቶ ካለፈ ደንዟል፤ በደቃቅ ሞረድ ከታች ወደ ጫፍ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ። ከዚያ በላይ ብትሞርዱት ጫፉ ያልቃል።

ከጫፉ ጀርባ የምትወጣዋን ትንሽ እሾህ በፒንሳ ጨፍልቁ። ይህን ስል የሚከፋው ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ «ዓሣው ያመልጣል» ይላል። ክሩን ወጥሮ የያዘ ሰው ብዙ ዓሣ አያመልጠውም። ትርፉ ግን ብዙ ነው። እሾህ የሌለው መንጠቆ ከሳጥኑ ፎም ሳይቀድ ይወጣል፣ ከልብስ ይወጣል፣ ከጣትም ይወጣል። ሐይቅ ዳር ሆኖ ጣቱ ላይ እሾሃም መንጠቆ የተሰካበት ሰው ደሴ ሆስፒታል እስኪደርስ የሚያስበው ይህንኑ ነው።

የቀሩትን ሦስት ቦታ ክፈሏቸው፤ የሚንሳፈፉ፣ የሚሰምጡ፣ ትንሽ ዓሣ የሚመስሉ ትልልቆች። በቀለም አትለዩ። ቀለም ሲደረደር ያምራል እንጂ ውኃ ዳር የምትጠይቁት ጥያቄ «ዓሣው የት ጥልቀት ላይ ነው?» የሚለው ነው። በየክፍሉ ውስጥ ደግሞ በመንጠቆው ቁጥር አስከትሏቸው። ቁጥሩ ሲያድግ መንጠቆው እንደሚያንስ አትርሱ፤ 16 ቁጥር ከ8 ቁጥር በጣም ታንሳለች።

ነጠላ ጫማው

ለኪስ ሳጥን የሚሆነው ከእጅ መዳፍ ብዙ የማይበልጥ፣ ጠፍጣፋ፣ ክዳኑ ሲዘጋ ጠቅ የሚል የፕላስቲክ ዕቃ ነው። የሰኞ ገበያ ፕላስቲክ ሻጮች ጋ ቁጭ ብላችሁ ክዳኑን ደጋግማችሁ ክፈቱ፣ ዝጉ። ሻጩ ቢቆጣ ታገሡት። ከቆራሌው ዘንድ የሚገኝ የቆርቆሮ ሣጥንም ያምራል፤ ግን ራሱ ይዝጋል፣ ዝገቱንም ለመንጠቆው ያወርሳል። ፕላስቲኩን ምረጡ።

ውኃ ማስገባት አለማስገባቱን ቤት ፈትሹት። ደረቅ ሶፍት አጣጥፋችሁ ውስጡ ክተቱ፣ ክዳኑን ዝጉ፣ ውኃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ድንጋይ ጭናችሁበት ለጥቂት ደቂቃ አስምጡት። አውጥታችሁ ውጩን ካደረቃችሁ በኋላ ሶፍቱን ዳስሱ። ከረጠበ ያ ዕቃ ለቁልፍና ለመርፌ ይሁን።

አሁን ወደ ጫማው። ያረጀ ነጠላ ጫማ ሶል ውኃ የማይመጥ ፎም ነው፤ በውጭ አገር የሚሸጡት ሳጥኖች ውስጥ የሚለጠፈውም የዚሁ ዘመድ ነው። የፍራሽ ስፖንጅ እንዳትጠቀሙ። ስፖንጅ ውኃ ይጠጣል፣ የጠጣውንም ቀን ሙሉ ይዞ መንጠቆውን ያዝገዋል። ሶሉን በሳሙና አጥባችሁ አድርቁ፤ ብዙ ያልተረገጠውን ክፍል፣ ብዙ ጊዜ የእግሩ ቅስት ያለበትን፣ በአዲስ ምላጭ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ስስ ሽፋን ላጡት። ምላጩ በደንብ እንዲሄድ ሳሙና ወይም ውኃ ንኩት። ሻካራ የሆነውን ፊት በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፤ ከሳጥኑ ወለል ጋር ልክ እንዲሆን ቁረጡት።

መሰንጠቂያውን ከመለጠፋችሁ በፊት ሥሩ። በማስመሪያ አግድም መስመር አስምሩ፤ በመስመርና በመስመር መካከል 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ተዉ። በመስመሩ ላይ በየ1 ሴንቲ ሜትሩ ምላጩን ቁልቁል ሰክታችሁ አጭር ስንጥቅ አውጡ፣ እስከ ግማሽ ውፍረቱ ብቻ። የሁለተኛው መስመር ስንጥቆች ከመጀመሪያው ስንጥቆች ትይዩ ሳይሆኑ በመካከላቸው ይውደቁ። እንዲህ ከሆነ የፊተኛው ረድፍ ላባ የኋለኛውን አይነካም።

ማስቲሹን በሁለቱም ወገን ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ እጅ ላይ የማይጣበቅ እስኪሆን ጠብቁ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ አሳርፋችሁ ጫኑት። አንዴ ከያዘ አይነሳም። ሽታው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ክዳኑ ክፍት ሆኖ አየር ላይ ይደር፤ አንድ ሁለት ቀን ይፈጃል። ማስቲሽ የሚሸት ሳጥን ውስጥ ዝንብ መክተት የክሩን ቫርኒሽ ያበላሻል፣ ሽታውም ላባው ላይ ይቀራል።

ከድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ሳጥኑ ወለል ላይ የሚለጥፉም አሉ። ለትንንሾቹ ደህና ይይዛል። ውሎ ሲያድር ግን መንጠቆዎቹ ራሳቸው ማግኔት ይሆኑና እርስ በርስ መጣበቅ ይጀምራሉ። እኔ ፎሙን እመርጣለሁ።

ተንሳፋፊዎቹ ለብቻ

ከላይ የተባለው ለሚሰምጡት ነው። የሚንሳፈፉት ውኃ ላይ የሚቆሙት በአንገታቸው ዙሪያ በተዘረጋው ላባ ስለሆነ፣ ያ ላባ ከተኛ ዝንቡ ሥራውን ተወ። ስለዚህ እነሱን ፎም ላይ አትሰኩ። ጨሌና ቁልፍ ሻጮች የሚጠቀሙበትን ዓይነት ክፍልፍል ያለው ሳጥን ፈልጉ፤ ጥልቀቱ ላባው ክዳኑን እንዳይነካ የሚያደርግ ይሁን። በአንድ ክፍል ከአምስት ስድስት በላይ አትክተቱ። ሲከፈት ደግሞ ነፋስ አለ። ሐይቅ ዳር ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነፋስ ሙሉ ክፍል ጠርጎ ሊሄድ ይችላልና ጀርባችሁን ለነፋሱ ስጡ።

ላባው የተኛበትን ዝንብ አትጣሉት። ማንቆርቆሪያ አፍሉ፤ ዝንቡን በወረንጦ ያዙት (በጣት አይሆንም፣ እንፋሎት ያቃጥላል) እና ከአፉ በሚወጣው እንፋሎት ላይ ለጥቂት ሰከንድ አዙሩት። የተጣመመው ላባ በዓይናችሁ እያያችሁት ቀና ይላል። ከዚያ አየር ላይ ይድረቅና ወደ ቦታው ይመለስ።

አደራደሩ

የኪሱ ሳጥን ውስጥ አራት ረድፍ ይኑር፣ በየረድፉ አምስት። አምስት ያልኩት በአንድ ዕይታ የጎደለውን ለማየት ስለሚመች ነው። ወደ ማጠፊያው ያለው ረድፍ የትልልቆቹ ነው፣ ወደ እናንተ ያለው የትንንሾቹ፤ ትንንሾቹን ከኋላ ብታስቀምጡ ጣታችሁ ለመድረስ ሲሞክር ትልልቆቹን ያጎሳቁላል። የሁሉም ዓይን፣ ማለትም ክር የሚገባበት ቀዳዳ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ይዙር።

ለሐይቅ ብሆን እንዲህ እደረድራለሁ። ከኋላ አምስት ጠቆር ያሉ ትልልቅ ዝንቦች ለአምባዛ፤ ቀጥሎ 10 ቁጥር ጥቁርና ቡናማ ሰማጮች፤ ቀጥሎ 12 ቁጥር አረንጓዴዎች፤ ፊት ለፊት 14 ቁጥር ደቃቆች። ባሌ ለመሄድ የታሰበ እንደሆነ የአምባዛው ረድፍ ይውጣና ክብደት ያላቸው ትንንሽ ሰማጮች ይግቡ፣ የተንሳፋፊዎቹ ሳጥንም ይጨመር። ሌላው ሁሉ ቤት ይቅር።

ሁለት ዝንቦች አንድ መስለው አንዷ ከክሩ ሥር ክብደት ሊኖራት ይችላል። ክብደት ያላትን ጭንቅላቷ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም አንድ ነጥብ አድርጉላት። ክዳኑ ውስጥ የቁስል ፕላስተር ለጥፋችሁ የየረድፉን ቁጥር በእስክሪብቶ ጻፉበት። ማታ ማታ፣ ከቤቱ ሳጥን የጎደለውን ሙሉበት፤ የቤቱ ሳጥን ትልቅና ተራ ቢሆን ግድ የለም፣ ደረቅና የተለየ ይሁን እንጂ።

እርጥብ ዝንብ ወደ ሳጥን አይመለስም

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚይዝ አንባቢ ቢኖር ይህን ይያዝ። አንድ የረጠበ ዝንብ ተዘግቶ ካደረ ጎረቤቶቹን ሁሉ ያዝጋል፤ ዝገቱ ላባውን ያቀልማል፣ ክሩን ይበላል። ውኃ ዳር የተጠቀማችሁበትን ዝንብ የምታቆዩበት ሌላ ቦታ ያስፈልጋል።

ለዚህ ደግሞ ወሎ ውስጥ የተሻለ ነገር አላውቅም፤ አጎዛ። የመዳፍ ግማሽ የሚያህል የአጎዛ ቁራጭ፣ ሱፉ አጠር ብሎ የተቆረጠ፣ በመርፌ ቁልፍ ደረት ላይ ይያያዝ። ፈረንጆቹም የበግ ቆዳ ከነሱፉ ልብሳቸው ላይ የሚሰፉት ለዚሁ ነው። ዝንቡ ሱፉ ላይ ይሰካል፣ ነፋስ ይመታዋል፣ ይደርቃል። አጎዛ ያጣ የአሮጌ ባና ቁራጭ ይጠቀም። እሾሁን አልጨፍልቅም ያለ ሰው ግን ሁለቱንም ይተው፤ እሾህ ያለው መንጠቆ ሱፍ ውስጥ ከገባ ሱፉን ይዞ ነው የሚወጣው። ሚኒባስ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ከደረታችሁ ነቅላችሁ በትንሽ ብልቃጥ ክተቷቸው፣ አጠገባችሁ የሚቀመጠው ሰው ልብስ አለውና።

ቤት ስትደርሱ ሳጥኖቹም ብልቃጡም ክፍት ሆነው ይደሩ። ፀሐይ ላይ አታስጧቸው፤ ፀሐይ የላባ ቀለም ያወጣል። ጥላ ያለበት መስኮት ጫፍ ይበቃል።

የደሴ ሰው እዚህ ላይ ከሌላው የበለጠ መጠንቀቅ አለበት። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፣ ሐይቅም ቆላ ባይባል ከደሴ ይሞቃል። ታች በሞቃትና እርጥብ አየር የተዘጋ ሳጥን ሌሊቱን ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው እርጥበት ጠል ሆኖ ብረቱ ላይ ያርፋል። አንድ ጠብታ ውኃ ሳይገባበት የዛገ ሳጥን የምታዩት ለዚህ ነው። ክረምት ላይ፣ ጉሙ ከተማውን ሲሸፍን፣ የተከፈተ ሳጥንም አይደርቅም። በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚመጡትን እርጥበት የሚመጡ ትንንሽ ከረጢቶች ጫማ ሻጮች ይጥሏቸዋልና ለምኑ፤ በየሳጥኑ አንድ ክተቱ። እርጥበት ሲጠግቡ ፍሬዎቹን በማይበላበት የቆርቆሮ ክዳን ላይ አፍስሳችሁ ቡና ተፈልቶ ከቀረው ፍም ዳር አስጠጉ፣ ሲቀዘቅዙ በስስ ጨርቅ ቋጥራችሁ መልሱ። ጨው በምትኩ የሚያደርግ ሰው አይቻለሁ። ጨው የብረት ጠላት ነው።

ብል

ላባና ሱፍ ለብል ምግብ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ዱቄት የመሰለ ነገር ወይም መላጣ የሆነ ዝንብ ካያችሁ ገብቷል ማለት ነው። ሁሉንም በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልላችሁ ማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል ውስጥ ሳምንት አቆዩ፣ አውጥታችሁ ቀን አሳድሩና መልሳችሁ ለሌላ ሳምንት ክተቱ፤ ከመጀመሪያው ቅዝቃዜ የተረፈ ዕንቁላል ቢኖር ሁለተኛው ያገኘዋል። ከዶሮ ተራ የመጣ አዲስ ላባ በሳሙና ሳይታጠብና ሳይደርቅ ከተሠሩት ዝንቦች ጋር አንድ ቤት አይደር።

መንገድ ላይ

የኪሱ ሳጥን ቦታው የደረት ኪስ ነው፣ ቁልፍ ወይም ዚፕ ያለው። የሱሪ የኋላ ኪስ አይሆንም፣ ትቀመጡበታላችሁ። የመኪና ጣሪያ ላይ በሚጫን ሻንጣም አይግባ። ከሰልባጅ ተራ ብዙ ኪስ ያለው ሰደርያ ብታገኙ ግዙት። ሳጥኑ ጠርዝ ላይ ቀዳዳ አበጅታችሁ በቀጭን ገመድ ከሰደርያው ጋር እሰሩት፤ ቁመቱ እጃችሁ ፊት ለፊት እስኪደርስ ይበቃዋል። ውኃ ውስጥ ቢወድቅ ተከትላችሁ እንዳትገቡ ነው። ሐይቅ ዳሩ ለጥ ያለ ቢመስልም ቶሎ የሚጠልቅ ውኃ ነው።

ከመውረዳችሁ በፊት ሐይቅ ከተማ ያለውን የተሁለደሬ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ስለ ፈቃዱ ጠይቁ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም በአዋጅ ቁጥር 315/1995 የሚገዛ ጉዳይ ነው። መረብ ከተዘረጋበት ራቁ፤ መረቡ የሰው እንጀራ ነው፣ የተሰካበት መንጠቆ ደግሞ የሚያወጣውን ሰው እጅ ይወጋል። ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወገን ከሆናችሁ የገዳሙን ሰዎች ሳታስፈቅዱ አትወርውሩ።

በመጨረሻ፣ ከሳጥኖቹ ጎን ሦስተኛ ዕቃ ያዙ፤ አፉ ጠባብ የሆነ፣ ክዳን ያለው ጣሳ ወይም ጠርሙስ። የተበጠሰ ናይለን፣ የዛገና የተሰበረ መንጠቆ ሁሉ እዚያ ይግባ። ናይለኑ ዳር ላይ ከቀረ የውኃ ወፍ እግር ላይ ይጠመጠማል። መንጠቆው ቆሻሻ ውስጥ ከተጣለ ደግሞ የሚያገኘው ቆራሌው ነው፣ ወይም ባዶ እግሩን የሚሮጥ ልጅ። ጠርሙሱ ሲሞላ ክዳኑን በማስቲሽ አሽጋችሁ ጣሉት።